የሚያነብላት ሰው

መምህሩ ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን ወንበሩ ሥር አስቀመጠና ወደ ተማሪዋ እናት ጠጋ አለ። «በለቅሶ ሰዓት ይህን ማንሳት አልነበረብኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ግን ፈተናው ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የዘንድሮውን የምናርመው እኛ አይደለንም። ልጅቷን የማያውቅ ሰው ነው የሚያርመው። ጽሕፈቷን ማንበብ ካቃተው ዜሮ ሰጥቶ ያልፋል።» ወዲያውም ጨመረ፤ «እስካሁን እኮ የሚያነብልን አባቷ ነበር።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጣው ሁሉ የምትመልሰው ይህንኑ ነው። አንገቷ ደክሟል።

ባሏ ፋርማሲስት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንደቆመ ልቡ ከዳው። ዕድሜውን ሙሉ የሐኪም ጽሕፈት ሲፈታ ስለኖረ የማያነበው ነገር አልነበረም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ የጻፈችው ደግሞ ዶሮ የጫረው መሬት ነው የሚመስለው። ፊደሎቹ ይጋጫሉ፣ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዳንዱ ቃል ጀምሮ ይጠፋል። ፈተና በመጣ ቁጥር አባትየው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መምህራን ክፍል ሄዶ ወረቀቷን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ስህተቷንም እንዳለ ያነበው ስለነበር አመኑት። ማታ ታዲያ «ዶሮዬ፣ ዛሬም አስለፈለፍሽኝ» ይላታል።

እናትየዋ «አስተካክላ ትጻፍ እንጂ፣ ዘላለም ልታነብላት ነው?» ስትለው ይስቅ ነበር። «እኔ እያለሁ ምን አስቸገራት» ይላል። አሁን ይህ መልሱ ያናድዳታል። ቢሞትም ይህቺን ይቅር አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ልጅቷን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ያላለቀውን መጋረጃ ገፋ አድርጋ ወረቀት ዘረጋችላት።

የሟቹ ታላቅ እህት በበሩ ብቅ አለች። «ምነው አንቺ፣ ሰው ተቀምጦ? ለቅሶ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ እንዴ?»

«እትዬ፣ ሰኞ ለእኔ ብሎ አይቆምም።»

እትዬ አጉረመረመች፤ ግን በሩን ዘግታላቸው እንግዶቹ ጋ ሄደች።

«እስክሪብቶውን አታንቂው» አለች እናትየዋ። «መርፌ እንደምትይዢው፣ በጣትሽ ጫፍ። ወረቀቱን ትንሽ አዘንብይው። ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፣ በቃልና በቃል መሃል ጣት የሚያስገባ ቦታ ተይ። ደግሞ አትሩጪ፤ ማንም አያባርርሽም።»

ልጅቷ ሁለት ቃል አስተካክላ ጻፈች። ሦስተኛው እንደ ልማዱ ተጨማደደ። ከሌላ መስመር ጀመሩ፤ እሱም ተጨማደደ። ሁለቱም ስንት ሌሊት በቅጡ ያልተኙ ናቸው፤ አንዷ ስትተነፍስ ሌላዋን ይሰለቻታል። ልጅቷ እስክሪብቶውን ወረወረችው።

«ተዪኝ እማዬ። አልፈልግም።»

«ወድቀሽ ልትቀሪ ነው?»

«ልውደቅ። የእኔን ጽሕፈት አባዬ ብቻ ነው የሚያነበው። ማንም የሚያነበው ከሆነ የእሱ ምኑ ይቀርልኛል?»

እናትየዋ እስከዛሬ ስንፍና ነው ብላ ስታስብ ኖራለች። ልጇን አቅፋ ማልቀስ አማራት፤ ግን ለቅሶውም ጉልበት ይጠይቃል።

«የእሱን አልቀማሽም» አለች። «ለቤት እንደፈለግሽ ጫሪ። እኔ ማንበብ እማራለሁ፤ ዐይኔ ቢጠፋም እማራለሁ። ለሰኞው ሰውዬ ግን ረጋ ብለሽ ጻፊለት። ለእሱ ማን ያነብለታል?»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እስክሪብቶውን ከመሬት አነሳች። ከሳሎን አዲስ የገባ እንግዳ እትዬን ሲያጽናና ይሰማል። ልጅቷ ምላሷን ከንፈሯ ዳር አውጥታ ጻፈች፣ ቆመች፣ ደግሞ ጻፈች። መስመሩ ቁልቁል ሳይወርድ ዳር ደረሰ። ሁለተኛውም ደረሰ። ወረቀቱን ወደ እናቷ ገፋችላት።

እናትየዋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «አባቴ ፋርማሲስት ነበር። ማታ ማታ ሲመጣ…»

ቆመች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። አቀረበችው፣ አራቀችው።

«አልነበብ አለኝ» አለች።

ልጅቷ አየችው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለዋል፤ እንባ ያቀረረው የእናቷ ዐይን ነው። አልተከራከረችም። ወንበሯን አስጠግታ ወረቀቱን ከእናቷ እጅ ወሰደችና ከመጀመሪያው አነበበችላት።