ሁለት ሰው ብቻ የምትጭነው መኪና

"ቆይ ግን፣ ጋሼ ዳኛው፣" አለ አንደኛው ሚዜ ሐብተ ማርያም፣ የመኪናዋን አፍንጫ በአበባ እያስጌጠ፣ "ሙሽሮቹ የት ሊቀመጡ ነው?"

ዳኛው የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ቀና ሳይል መለሰ።

"ማኪናዋ ውስጥ ነዋ።"

"ወንበሩ ሁለት ነው።"

"ሙሽሮቹስ ስንት ናቸው?"

"እርስዎስ?"

የዳኛው እጅ መስታወቱ ላይ ቆመ። ሰባት ዓመት ሙሉ መኪናዋን ሲፈታና ሲገጥም ይህን ቀን ሲያስበው ኖሯል። በሐሳቡ መሪውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ልጁ ትዕግስት በቬሎ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ ሙሽራውም አለ፣ የሆነ ቦታ። የት እንደሆነ ግን አስቦት አያውቅም።

ሚስቱ እናኑ በረንዳው ላይ ሆና ሰማች። ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

"አንተ ሰውዬ! ብሎን ሳይቀር ቆጥረህ ሰው መቁጠር አቃተህ?"

ዳኛው ሠላሳ አንድ ዓመት ከጎንደር አዲ አርቃይ የጭነት መኪና ሲነዳ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ከቤቱ ደጃፍ ይልቅ ያውቀው ነበር። ጡረታ በወጣበት ዓመት ኮላ ድባ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ፣ የጎረቤት ጎተራ ሥር አንዲት ጣራ የሌላት ባለሁለት ወንበር ፊያት አየ። ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋበት ነበር። በሁለት ኩንታል ጤፍና በብዙ ልመና አስለቀቃት። ፓራፋንጎዋን፣ የጎማ መከለያዋን፣ በመዶሻ አቃና፣ ሞተሯን ሦስት ጊዜ አውርዶ ሰቀለ። የሚታጠፈውን የሸራ ጣራ የሰፉላት የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሠሩት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ናቸው። "ጥላም ጣራም አንድ ነው፤ ዋናው አጥንቱ ነው" ብለው ውስጡን በቀይ ከፈይ ለበጡላት። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዙሪያዋን ሲዞር ቆየና፣ ከፈዩ ከፋብሪካ የወጣ ስላልሆነ ዋጋዋን እንደሚያወርደው ነገረው።

"ለሚሸጣት ሰው ንገረው" አለው ዳኛው።

መሪዋን ከእሱ ሌላ የጨበጠ የለም። ጎንደር ፒያሳ ካፌ በር ላይ የሚቀመጡት ጡረተኛ ሾፌሮችም ዛሬ ሊያዩት ከጠዋት ጀምረው ይጠብቃሉ። ሦስት ወር ሙሉ ሲነግራቸው ከርሟል።

"ምነው ታዲያ ይህን ያህል?" አለች ከኮላ ድባ የመጣችው እህቱ የትነበርሽ። "አባትና ልጅ በዚች ይሂዱ። ሙሽራው በሌላው ይከተል።"

"ሸጋ ሐሳብ ነው!" አለ ዳኛው ፈጥኖ።

"ሙሽራው እጇን ይዞ ካወጣት በኋላ ከአባቷ ጋር የምትሄድ ከሆነ፣" አለች እናኑ፣ "ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ መጣ?"

ሚዜዎቹ አጨበጨቡ። ዳኛው ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ።

"ከኋላ የታጠፈው ጣራ ላይ ቢቀመጡስ?" አለ ሐብተ ማርያም። "ለፎቶም ያምራል።"

"መሪጌታ የሰፉት ላይ? በቂጣችሁ?" አለ ዳኛው።

ሙሽራው ወንዴ ፒያሳ ባንክ የሚሠራ ረጋ ያለ ልጅ ነው። የአንገቱን ክራባት ነካ ነካ አደረገና "ጋሼ፣ እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ" አለ።

"ምን ነድተህ ታውቃለህ?"

"የመሥሪያ ቤት ማኪና።"

"ማርሹ በራሱ የሚገባውን?"

ወንዴ መሬት መሬት አየ።

"የዚች ሁለተኛ ማርሽ እንኳን አንተን እኔንም ትንቃለች" አለ ዳኛው፣ ደስ እያለው።

"እኔ እነዳታለሁ።"

ሁሉም ዞሩ። ትዕግስት ቬሎዋን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ደረጃው ላይ ቆማለች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ የምትሠራበትን ድርጅት ፒክአፕ እስከ ደባርቅ ትነዳለች። ይችን ግን በለመነች ቁጥር አባቷ "ስጨርሳት" ይላት ነበር። ጨርሷት አያውቅም።

"ሙሽራ ስትነዳ የት አየሽ?" አለች የትነበርሽ። "ራሷን የዳረች ይሉሻል!"

"ይበሉኛ፣ አክስቴ። ባሌ ከጎኔ ነው።"

"ሁለተኛ ማርሽስ?" አለ ዳኛው።

"ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሹን አወጣለሁ፤ እለቃለሁ፤ ትንሽ ቤንዚን እሰጣትና እንደገና ረግጬ አስገባለሁ። ሰባት ዓመት ባትሪ ያበራሁልህ እኮ እኔ ነኝ፣ አባባ። ዐይኔን ጨፍኜ ያበራሁልህ መሰለህ?"

ዳኛው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ሊከተው ሲል ወንዴ ዞሮ መሪ በሌለበት ወንበር ገብቶ ሲቀመጥ አየው። ጉልበቱን ሰብስቦ፣ እንደ ተማሪ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ። ዳኛው ሳያስበው ሳቀና ቁልፉን ሰጣት።

ሚዜዎቹ ቬሎውን ሰብስበው አስገቡላት። ትዕግስት የፍሪሲዮኑን ፔዳል ልትረግጥ እግሯን ዘረጋች። የጫማዋ ጫፍ ነካው እንጂ ሊገፋው አልቻለም። ጫማዋን አውልቃ ሞከረች። አሁንም አልሆነም። ዳኛው ረጅም ሰው ነው፤ ወንበሩ የሚታሰርበት ብረት ብዙ ቀዳዳ ቢኖረውም የመጨረሻውን መርጦ፣ በራሱ እግር ልክ፣ በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮታል።

ውጭ የቆሙት መኪኖች ክላክስ እያሰሙ ያጣድፋሉ። ትዕግስት ወደ አባቷ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ልመና አልነበረም፣ መጠበቅ ብቻ። "እንግዲህ እግርሽ አልደረሰም" ቢል ይበቃው ነበር። ነገሩ ከእግር ርዝመት ነውና የሚወቅሰው ሰው አልነበረም። ሐብተ ማርያም የሌላ መኪና ቁልፍ ከኪሱ ማውጣት ጀምሯል።

ዳኛው አዲሱን ኮቱን አወለቀና ለእናኑ አቀበላት። የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ።

"አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻዬን አምጪልኝ" አላት።

"ሰዓቱ ሄዷል እኮ!" አለች የትነበርሽ።

"ይሂድ። ውረጂ ልጄ።" በሩ ሥር ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ብሎን በጣቱ ዳበሰ። "ስንት ቀዳዳ ወደ ፊት ልሳበው?"

"ሁለት ይበቃኛል።"

"ሦስት ይሁን" አለ፣ መፍቻውን እየተቀበለ። "ዳገቱ ላይ እስከ ወለሉ ነው የምትረግጪው።"