የምሰሶ ሱሪ

ፕሬዝዳንቱ ጫካ ለገቡት ሁሉ ምሕረት አደረጉ ብሎ ሬዲዮው የተናገረ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ እኔን አየ። የተኮስኩት እኔ ይመስል! ባለሱቋ ስኳር መመዘኗን አቁማ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ምን ታያለሽ? ቀንድ አበቀልኩ?» አልኳት። አንገቷን መለሰች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ሜትር ላይ ያለውን ቁጥር ግን በጣቴ ዳስሼ አውቀዋለሁ። በዚህ ሰፈር ተድሮ የወጣ፣ ተሹሞ ወንበር የያዘ ሁሉ ልብሱ በእጄ አልፏል። ሌላው ልብስ ሰፊ በጠመኔ ምልክት ካላደረገ መቀስ አያነሳም። እኔ ጠመኔ ይዤ አላውቅም። ጠመኔ ለተማሪ ነው እላለሁ፤ ተማሪ ደግሞ ሆኜ አላውቅም።

አንድ ልጅ አለኝ። ጦርነቱ ሲጀመር ከአማጺዎቹ ጋር ጫካ ገባ። አልተሰናበተኝም። ቢሰናበተኝ በካውያ እመታው እንደነበር ያውቃላ!

ከቤቴ ፊት ለፊት አናጺው ይኖራል፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። የእሱን ልጅ ሰፈሩ ምሰሶ ነው የሚለው፤ በቁመቱ። ምሰሶና ልጄ አንድ ጡት አልጠቡም እንጂ ሌላውን ሁሉ ተካፍለው ነው ያደጉት፤ ኩፍኙንም፣ ዱላዬንም። ልጄ ጫካ ሲገባ ምሰሶ ወታደር ሆነ። አማጺዎቹ መንገድ ላይ የቀበሩት ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወሰደውና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በሮቻችን እንደተፋጠጡ ቀሩ። ምሰሶ ከልጅነቱ ጀምሮ «አንቺ» ይለኝ ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ «እርስዎ» አለኝ። አክብሮት መሰላችሁ? ማራቅ ነው። እንዲህ ከሚያከብረኝ ድንጋይ ቢወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሕረቱ ደግሞ ጅራት ነበረው። መሣሪያ ያስረከቡት ካምፕ ገብተዋል። አንዱ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው በጦርነቱ ከተጎዳ ቤት አንድ ሰው የሰፈሩ አዳራሽ ቀርቦ «ይግባ» ካለ ነው። የሚቆምለት ያጣ አገር ጫፍ ወዳለ የእርሻ ሰፈራ ይላካል። ከዚያ ማን ተመልሶ ያውቃል? በእኛ ሰፈር ደግሞ ጦርነቱ የጎዳው ቤት የአናጺው ብቻ ነው። ሌላው ልጁን ዘመድ ጋ ሸሽጎ ከርሞ ዛሬ ስለ አገር ፍቅር ያወራል።

ስለዚህ መለመን ነበረብኝ። እኔ! ቀሚሴን ተኩሼ ለበስኩና መንገዱን ተሻገርኩ።

አናጺው ሣንቃ እየላገ ነበር። ቀና ብሎ «ምን እግር…» ብሎ ጀመረና ቀሪው ጉሮሮው ላይ ቀረ። «ምን እግር ጣለሽ» ሊለኝ ነበር። እዚያ ቤት «እግር» የሚል ቃል ከተነሣ ሰንብቷል።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ በምትኩ።

ምሰሶ ጥግ ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ቀና አላለም።

«ልጄ ካምፕ ነው። አዳራሽ ገብታችሁ ይግባ እንድትሉልኝ ነው» አልኩ።

«በምን አፌ?»

«በዚያው በምትበላበት።»

እነሆ ልመናዬ! መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ለስላሳ ቃል የት እንደገባ እንጃ። አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትለምኚ ነው የመጣሽ ልትሰድቢ?»

«የእኔ ልመና እንዲህ ነው። ካልገባህ ተወው።»

«ተውኩት።»

«ድሮም ድንጋይ ነህ!»

ልወጣ ስል ዐይኔ ምሰሶ ላይ አረፈ። የሱሪው ግራ እግር እንደ ጆንያ አፍ ተጠቅልሎ በሦስት መርፌ ቁልፍ ተይዟል። አንዱ መርፌ ጠሟል፤ ሌላው ዝጓል። እግዜር ያሳያችሁ፤ ልጄን ረሳሁት። ልብስ እንዲህ ሲንገላታ ማየት አልችልም።

«ይህን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለ ምሰሶ።

«እጅህን ይቁረጠው!» አልኩና ደነገጥኩ። በዚያ ቤት የሚባል እርግማን አልነበረም። «ደህናው ሱሪህ የት አለ? አምጣው፤ ላስተካክልልህ።»

«አይልፉ እርስዎ።»

«እርስዎህን ለሰፈሩ ሊቀመንበር አድርገው። ሱሪውን አምጣ።»

አባቱ ገብቶ አመጣው። የምሰሶ የሙሉ ልብሱ ሱሪ ነው፤ ግራጫ፣ ጥሩ ጨርቅ፣ ከጦርነቱ በፊት እኔው የሰፋሁት። ከዚያ ወዲህ አልለበሰውም። መለኪያዬን አወጣሁና ተንበርክኬ የቀረውን እግሩን ለካሁ። ሰው ሁሉ ያንን ቦታ ላለማየት ግድግዳ ያያል። እኔ ግን ጫፉን በመዳፌ ይዤ፣ ሲቀመጥም ሲቆምም ለክቼ፣ «ስፌቱ ሲነካው ያምሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ውስጥ በኩል ያመኛል» አለ። ድምፁ ትንሽ ለዘብ ያለ መሰለኝ።

ጉቦ ነው የምትሉኝ ካላችሁ አፋችሁን ዝጉ። ጉቦ ልሰጥ ብፈልግ አዲስ ሱሪ አልሰፋም ነበር?

ቤቴ ገብቼ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። ስፌቱ እንዳይጎረብጠው ጫፉን ከውስጥ በለስላሳ ገበር ልሸፍነው ብዬ ሱሪውን ገለበጥኩት። ሬዲዮው ስለ ካምፖቹ ያወራል፤ የሚቆምላቸው ያጡትን የሚጭነው መኪና ሊነሣ መቃረቡን ይናገራል። እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ካምፕ፣ ልቤ የእርሻው ሰፈራ። መቀሴን አነሣሁና ግራውን እግር ጉልበቱ ላይ ገጭ አደረግሁት።

ሱሪውን መልሼ ስገለብጠው ነው የሰማይ ጣራ የወደቀብኝ። የተገለበጠ ሱሪ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው። ይህን የልብስ ስፌት ደጃፍ የረገጠ ጀማሪ ያውቃል። ለዚህ ነው በጠመኔ ምልክት የሚያደርገው። የእኔ መቀስ ጤነኛውን እግር ቆርጦ፣ ባዶውን እንዳለ ትቶታል።

ያን ጨርቅ ገበያ ወጥቼ ብፈልግ አጣሁት። የቆረጥኩትን መልሼ ብቀጥለውስ? ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሱሪ! እኔ ነኝ እንዲህ ያለ ሥራ ከቤቴ የማወጣው? ተሰረቀ ልበል? ማን ይሰርቀዋል? በመጨረሻ በጨርቅ ጠቀለልኩትና እንደ ሬሳ አቅፌ ተሻገርኩ።

ምሰሶ ብቻውን ነበር። ሱሪውን ከጥቅሉ አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው። አንዱ እግር ረጅም፣ አንዱ አጭር። አየው። የራሱን እግር አየ። ደግሞ ሱሪውን አየ። እኔ ጣራ ጣራ አያለሁ።

«እማማ» አለኝ፣ «ይቺን አንድ የቀረችኝንም ልትወስጃት ነው?»

ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መሰለኝ። ፈነዳ! ሣቁ ከሆዱ ወጣ፤ ክራንቹ ከግድግዳው ተንሸራቶ ወደቀ፤ እሱም ከበርጩማው ሊወድቅ ጠረጴዛ ያዘ። አባቱ መላጊያውን እንደጨበጠ ከጓሮ ሮጦ ገባ። ያን ሣቅ ልጁ ከተመለሰ ጀምሮ አልሰማውም።

«ምን ሆንክ? ምን አደረገችህ?»

«ቆረጠችኝ!» አለ ምሰሶ እንባውን እየጠረገ። «ፈንጂው የተወውን እማማ ጨረሰችው!»

አናጺው ሱሪውን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። ከዚያ ጀርባውን አዞረብን፤ ትከሻው ግን ይነቃነቃል።

«ጠመኔ ስላላደረግሁ ነው» አልኩ። «ሬዲዮውም ጮኸብኝ። ጨርቁም…»

«እማማ» አለኝ ምሰሶ፣ ሣቁን ዋጥ አድርጎ። «እሱ ምክንያት ነው። ይቅርታ በይኝ።»

«ሌላ እሰፋልሃለሁ።»

«ሱሪ አልጠየቅሁሽም።»

እስከዚያ ቀን ያን ቃል ለሰው ብዬው አላውቅም። ባሌም ሳይሰማው ነው የሞተው። አፌ ውስጥ እንደ ትልቅ ክኒን ተገላበጠ። ውሃ ጠይቄ ልውጠው ምንም አልቀረኝም።

«ይቅርታ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ጆሮህንም ፈንጂ ወሰደው እንዴ? ይቅርታ አልኩህ!»

«እሺ። ይቅር ብያለሁ» አለ። ለሱሪው መሆኑ ነው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ፤ ሱሪውን ጭኑ ላይ አጣጠፈው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ፈንጂ የቀበረው እሱ ነው?»

አናጺው ወደ እኛ ዞረ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ብታውቂ ትነግሪኝ ነበር?»

«እናት ነኝ። አልነግርህም ነበር።» ምን ላድርግ፣ ያለኝ እውነት ይህ ነው። «እሱ ግን ይነግርሃል። ውሸት አላጠባሁትም። ፊቱን እያየህ ጠይቀው። የእርሻ ሰፈራ ከገባ ግን ከማን ጋር ታወራለህ? ከሸንኮራ አገዳ ጋር?»

ሱሪውን አልመለሰልኝም። «ይህ እኔ ጋ ይቆይ» አለና መቀስ እንዳውሰው ጠየቀኝ። መቀሴን ለሰው አልሰጥም። ያን ቀን ግን ምን አፍ አለኝ?

አዳራሹ በተቀጠረበት ቀን አግዳሚው ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ከመንግሥት የመጣች ወጣት ሠራተኛ ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጣለች። የሰፈራችን ሊቀመንበር ጉሮሮውን ሳይጠርግ ደህና ዋላችሁ የማይል ሰው ነው። ጠረገና የልጄን ጉዳይ አነበበ።

«ከተጎዱት ወገን ለዚህ ሰው የሚቆም አለ?»

ማንም አልተነሣም። ከኋላዬ ባለሱቋ «አገር አጥፍቶ ቤቴ ግባ ይባላል?» ስትል ሰማኋት። ዞሬ ልነግራት ስል የክራንች ኳኳታ ከበሩ በኩል መጣ።

ምሰሶ ነው። ከላይ የሙሉ ልብሱን ኮት ለብሷል። ከታች ያንኑ ግራጫ ሱሪ፤ ሁለቱንም እግር በመቀሴ ከጉልበት በላይ ቆርጦ ቁምጣ አድርጎታል። ጠማማ ቆረጣ! አንዱ ጉልበት ባዶውን፣ ሌላው ወገን የተቆረጠው እግሩ ጫፍ ከነጠባሳው ለአዳራሹ ሁሉ ተገልጦ ይታያል። በመርፌ ቁልፍ ሲሸፍነው የከረመ ልጅ! አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ግድግዳ ፍለጋ ዐይኑን አንከራተተ።

መሐል ላይ ደረሰና ቆመ።

«ተቀምጠህ መናገር ትችላለህ ልጄ» አለ ሊቀመንበሩ።

«የሚቆም አለ ወይ ነው ያሉት፣ ጋሼ። ቆሜያለሁ።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ይቅር ብለኸዋል ማለት ነው?»

«አላልኩም» አለ። «ምሕረት የፕሬዝዳንቱ ነው፤ ሰጥተዋል። ይቅርታው ግን የእኔ ነው፤ አልቸኩልም። የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ በሩቅ አይጠየቅም። ስለዚህ ይግባ።» ከዚያ ወደ ባለሱቋ ዞረ። «የጎደለ ነገር ያለበት ቤት የእኛ ነው። ሌላው ምኑ ጎድሎ ነው የሚያጉረመርመው?»

ሊቀመንበሩ ከኋላ የተቀመጠውን አናጺ አየ። «አባት የሚጨምረው አለ?»

አናጺው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አዞረው፤ አዞረው። «እግሩ የእሱ፣ አፉ የእሱ» አለ። «እኔ አናጺ ነኝ። ይግባ ካለ ይግባ።»

እኔ አላለቀስኩም። ያለቀሰች ያለ ካለ ዐይኑን ያሳይ።

አውቶቡሱ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ልጄ ፌስታል ይዞ ወረደ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሮጬ ላቅፈው ነበር ያሰብኩት።

«ይህን ሸሚዝ ማን ነው የሰፋልህ?» አልኩት። «ትከሻው ወድቋል።»

«እማ» አለ፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃተው። እኔም የወደቀውን ትከሻ እያስተካከልኩ ቆየሁ፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋብን።

ምሰሶ በራፋቸው ላይ ቆሟል፤ በዚያው ቁምጣ። ልጄ መንገዱን ተሻግሮ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። እግሩን አየ። ግድግዳ አልፈለገም።

«አንተ ነህ የቀበርከው?» አለ ምሰሶ። ደህና ዋልክ የለ፣ ምን የለ።

«አይደለሁም። እኔ ውሃ ቀጂ ነበርኩ፤ በኋላም አብሳይ» አለ ልጄ። እኔ ተነፈስኩ፤ እሱ ግን አላበቃም። «የቀበሩትን ግን አውቃቸዋለሁ። ለመቅበር ሲወጡ ያበላኋቸው እኔ ነኝ።»

ዝም ቢል ምን ነበረበት! ውሸት አላጠባሁትም ብዬ የፎከርኩት አንጀቴን በላው። አናጺው ከውስጥ ሆኖ ሣንቃ መላጉን አቆመ። ምሰሶ ክራንቹን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

«ነገ እንጨቃጨቃለን» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ፀሐይ ነው። ግባ።»

ተጨቃጨቁም። በማግስቱ ጩኸታቸው እስከ እኔ ቤት ተሰማ፤ አንድ ነገርም ተሰበረ። ልሻገር ተነሥቼ ነበር። ግን ከጩኸቱ ሥር የመላጊያው ድምፅ አልተቋረጠም። አናጺው ሥራውን ካልተወ የሚያስፈራ ነገር የለም ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ልጄ የወንበር እግር ሲያሽ አየሁት። ይቅር ተባብለው እንደሆነ አልጠየቅሁም። የእኔ ሱሪ አይደለም።

ምሰሶን አዲስ ሱሪ ልሰፋለት ጠራሁት። ጨርቁን ገለበጥኩ፤ ከባለሱቋ የገዛሁትን ጠመኔ አወጣሁና ግራው ላይ ትልቅ መስቀል አሰመርኩ።

«እርግጠኛ ነሽ እማማ?» አለኝ አንገቱን አስግጎ።

«ዝም በል። ቀጥ ብለህ ቁም።»