መቅዳት ክልክል፣ መጫወት በነጻ

ንግሥቴ ትዕግሥቷ ያለቀው ልጇ ሠርክአዲስ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች የተመለሰች ዕለት ነው። «ታጥበሽ ነይ ብለው በልጆች ፊት አስወጡኝ። ነገም እንዲህ ከሆንሁ ፈተና አልቀመጥም» አለች ልጅቷ። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል፤ በጋሪ የሚመጣው ውኃ ደግሞ ከወጥ አልፎ ለገላ አይተርፍም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

ፍኖተ ሰላም አስፋልቱ ዳር ግን ለሚሊኒየሙ የተሠራው ፏፏቴ ከሲሚንቶው ወለል ሽቅብ ውኃ ሲተፋ ይውላል። ለልጆች መጫወቻ ነው፣ ያውም በነጻ። ንግሥቴ ጀሪካኗን ይዛ ብትሄድ ዘበኛው አያ ዘሩ መለሷት።

«መቅዳት ክልክል ነው።»

«መጫወትስ?»

«መጫወት ይቻላል።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ንግሥቴ ጀሪካኑን ቤቷ ወርውራ፣ ሠርክአዲስንና ትንሹን ላቀውን እየጎተተች፣ ሳሙና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተመለሰች።

ልጅ ግን መቼ ያዝንልሻል? ላቀው ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ተቀመጠበት። ሠርክአዲስ ደግሞ ባለባጃጆቹ ያዩኛል ብላ ልብሷን አላወልቅም አለች።

«እንግዲያው ከነልብስሽ ግቢ፤ እሱም ይታጠባል!»

ላቀው እንደ ዓሣ እየተሙለጨለጨ አመለጣት። ስታባርረው ሳሙናው አመለጣት። ሳሙናውን ስታነሣ ሻሿ ወለቀ። እስከ ጉልበቷ በስብሳ፣ ልጆቹን በአረፋ ለውሳ ሳትጨርስ አያ ዘሩ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተጫወትን» አለች የላቀውን ጆሮ እየፈተገች። ላቀው አረፋ ዓይኑ ገብቶ እሪ ይላል። «ደስ ብሎት አያዩትም?»

አያ ዘሩ አልሳቁም። ሠርክአዲስ ፀጉሯ አረፋ እንደ ሆነ በፍርሃት ታያቸዋለች፤ አሁን ካስወጧት የነገው ፈተና ቀረ። ንግሥቴ በቃት።

«ከፈለጉ ፖሊስ ይጥሩ። እኔ ይችን ልጅ ሳላለቀልቅ ንቅንቅ አልልም።»

ሽማግሌው ወደ አስፋልቱ ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሳሙናውን አትጨርሽው ልጄ። እኛም ቤት ውኃ የለም። የልጅ ልጆቼን ላምጣ።»

ንግሥቴ ሳሙናውን አየችው፤ ሳስቶ የጣት ያህል ቀርቷል። ስንት ቀን ሙሉ ይኸን ውኃ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ትስቅ ወይስ ትቆጣ ግራ ገባት።

«ታዲያ ቶሎ ይበሉ እንጂ!» አለች። «ላቀው እንደሁ ይኸው አፈር ላይ ተንከባሏል፤ እንደገና ላጥበው ነው።»