ባርኔጣው የተቀመጠበት ወንበር

አለነ ሞቷል። ሾፌሩ ዳኛው ይህን ወሬ ለአራተኛ ጊዜ ሲደግመው ጽጌሬዳ ብርጭቆ ማጠቧን አላቋረጠችም። የአስመራው አለነ፣ ጊታረኛው፣ የትክል ድንጋዩ የየኔታ ወልደኢየሱስ ልጅ። ዳኛው የአስመራ አውቶቡስ ሾፌር ነውና ከዚያ ማዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ብርቱካንም ይሁን መርዶ፣ መጀመሪያ በእሱ እጅ ያልፋል። መኪናው ለጥገና ስለቆመበት ሳምንቱን ሙሉ ጎንደር ፒያሳ ካለው ከአክስቷ ከሸዋአየሁ ቡና ቤት አልወጣም። ሰኞ ሲናገር «ሞቷል አሉ» ነበር። ማክሰኞ «አሉ» የምትለዋ ቃል ወደቀች። ረቡዕ በሳንባ ሆነ። ዛሬ ሐሙስ ደግሞ በገዛ ዓይኑ አይቶ ኖሯል።

«ምን አየህ?» አለችው። «ስትጨምርበት ሰነበትህ፤ ዛሬ መቃብሩንም ቆፍረህ መጣህ?»

ዳኛው እንደ ልማዱ አልሳቀም። ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ተረከ። አለነ የሚጫወትበት ሆቴል ገብቶ ነበር። ሙዚቀኞቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። መካከል ላይ ያለው የአለነ ወንበር ግን ባዶ ነው። መቀመጫው ላይ አመድማ ባርኔጣው፣ መደገፊያው ላይ ኮቱ፣ ጎኑ ላይ ጊታሩ። መጫወት ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ተነሥተው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ቤቱ በሙሉ ቆመ። እሱም ሳይታወቀው ቆመ።

ለጎንደር ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰውየው ሳይኖር ልብሱና ዕቃው አደባባይ ከወጣ ለቅሶ ነው። ጋሻው፣ ካባው፣ የበቅሎው ኮርቻ፣ ሁሉም እንዲህ ተደርድረው የሚወጡት ባለቤታቸው ላይመለስ ሲሄድ ነው።

ከጥጉ ጠረጴዛ አንዱ ማልቀስ ጀመረ። እነዚህ ራሳቸውን «የአለነ ልጆች» ብለው ከሰየሙት ደጋፊዎቹ ናቸው፤ ሁሉም ሲሰበሰቡ ሃምሳም ስድሳም ይሆናሉ፤ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ከቅኔ ቤት የኮበለለ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሸዋአየሁን ግራማፎን ከበው የአለነን ሸክላ እስኪሰነጠቅ ያስጮኹታል። አለነ የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ ጊታር ይመታበታልና፣ ጊታር ነክተው የማያውቁት ሁሉ ሳይቀሩ ጥፍራቸውን አሳድገዋል። ጽጌሬዳ በዚህ ጥፍር ስታፌዝ ሁለት ዓመቷ ነው። ፊደል ማንም እንዳላስቆጠራት ሁሉ ጊታርም ማንም አላስተማራትም፤ ሁለቱንም ከሰው ሰርቃ፣ ብቻዋን ተለማምዳ አገኘቻቸው። ከአምስት ዓመት በፊት አለነ በዚህ ሲያልፍ ስትጫወት ሰምቷት፣ ምንም ሳይናገር የገዛ ጊታሩን አስታቅፏት ሄደ፤ ይህች ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው እሷ ናት።

ማንም የማያውቀው ደግሞ አለ። ከሸክላው ልባስ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ከደረሳት አምስት ሳምንት ሆኖታል።

አለነ የጻፈው አጭር ነው። ሳንባው ታሟል። ሐኪም ቤት ሊያስተኙት ነው። ከቅኔውና ከዜማው ሸሽቶ ጊታር የያዘ ዕለት አባቱ፣ ቄስም መምህርም ናቸውና፣ ደጄን ቢረግጥ፣ በደብሬ ቅጥር ቢቀበር ብለው ገዝተውታል። «ሂጂና አስፈቺልኝ» ይላል። «ከፈቱኝ እመጣለሁ፤ እዚያው እሞታለሁ። ካልፈቱኝ ግን አልመጣም። ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።»

ጽጌሬዳ አልሄደችም። የኔታ ወልደኢየሱስ አንድ የጥምቀት ዕለት፣ ካህናቱ ሁሉ እየሰሙ፣ «የሴት አዝማሪ» ብለዋት ነበር። እሷም ከዚያ ሽማግሌ ደጅ ብቆም እግሬ ይሰበር ብላ ምላለች። ዛሬ ነገ ስትል፣ ኩራቷን ስታባብል፣ አምስት ሳምንት አለፈ። ለዚህ ነው ዳኛውን አራት ቀን ሙሉ ውሸታም ስትለው የከረመችው። ወሬው እውነት ከሆነ አለነ ከነግዝቱ ሞቷል፤ ሳይፈታ ያስቀረውም የእሷ እግር ነው።

ዓርብ ጠዋት ስልክ ቤት ሄደች። የአስመራ መስመር ከተቋረጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው አሏት። ከአዲ አርቃይ ማዶ ምሰሶ ወድቋል፤ ወይ ተጥሏል። ሊጠግኑ የሚሄዱት ከወታደር ጋር ነው የሚሄዱት። ሰውየው ይህን ሲነግራት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለምን እንዳደረገ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ስትመለስ የደጋፊዎቹ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ጥቁር ጨርቅ ሲቀድ አገኘችው። ነገ ጎህ ሲቀድ ትክል ድንጋይ ደርሰን መርዶውን እንነግራለን አላት። እስከ ሰኞ ቆዩ ብላ ለመነችው፤ ለምና የማታውቀው ልጅ ለመነች።

«ምነው ጽጌሬዳ፣ ነገ እኮ ገበያ ነው» አለ። «አባት የልጁን ሞት ከጨው ሻጭ ይስማ? መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ወግ አለው።»

ልክ ነበር። ያበገናትም ልክ መሆኑ ነው።

ግራማፎኑን በነጠላ አዝላ ወደ ሳንጃ የሚሄደውን የጭነት መኪና ተሳፈረች። ሰማዩ ከአርማጭሆ በኩል ጠቁሮ ያጉረመርማል፤ ጠብ የሚል ግን የለም። ሾፌሩ ሦስት ቀን እንዲሁ ነው፣ እንዲህ ያለ ደመና አይቼ አላውቅም አለ። ትክል ድንጋይ ስትወርድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የኔታ ከጎጇቸው ደጅ፣ ዋርካው ሥር፣ ብራና ሲፍቁ አገኘቻቸው። አወቋት። ተቀመጭም ሂጂም አላሉ።

ጽጌሬዳ ነጠላዋን ፈታች። ግራማፎኑን ካቡ ላይ አስቀምጣ አዞረችና ሸክላውን አኖረች። አለነ አስመራ ካለው የአሜሪካኖች ጦር ሠፈር የቀሰመውን ጃዝ እየመታ ይገባል፤ ያቺ ደጋፊዎቹ የሚወዷት የሚንገዳገድ ምት። ከዚያ ድንገት ከሥሯ ሌላ ነገር ይነሣል፤ እየተጎተተ፣ እየከበደ፣ መቋሚያ እንደያዘ ሰው እየተወዛወዘ። የኔታ የብራና መፋቂያቸውን አኖሩ።

«የዕዝል ዜማ ነው» አሉ ለራሳቸው። «እኔ ያስተማርሁት ነው። ይኸውና፣ እዚህች ላይ ሁልጊዜ ይስታት ነበር። አሁንም ሳታት።»

የግራማፎኑ ሞላ እየላላ ሄዶ ዜማው ወፈረ፣ ተንቀረፈፈ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያቃስት ሰው መስሎ ቆመ። ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ያን ጊዜ ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። አነበቡት፤ ደገሙት። ጣታቸው ከላይ ቀኑ ላይ ቆመ።

«መጋቢት ውስጥ የተጻፈ ነው። ምነው እስካሁን?»

ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ ሸክላውን ወደ ልባሱ መለሰች።

«በሕይወት አለ?» አሉ።

«አለ» አለች።

የኔታ ደብዳቤውን አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ ግዝት በቤት ደጃፍ አይፈታም፣ ነገ ከኪዳን ጸሎት በኋላ ካህናቱ ባሉበት እፈታዋለሁ አሏት። ለጎረቤታቸው ለየዓለምወርቅ እንድታሳድራት ነገሯት፤ ልጅቱ ሸጋ ልጅ ናት ሲሉም ሰማች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ የምትቆጥረው ሁለት ነገር ነው፤ የኪዳኑን ደወልና የመርዶ ነጋሪዎቹን እርምጃ። ደወሉ ከቀደመ የኔታ ይፈታሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይምጣ። ውሸቷን የምትሸከመው እሷ ናት።

ደወሉ ቀደመ። ደመናው ዛሬም እንደተንጠለጠለ ነው። ጸሎቱ ረዘመ፤ ወይ ለእሷ ረዘመባት። መጨረሻ ላይ የኔታ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ መስቀል ይዘው፣ ሁለት ካህናት ከኋላቸው አስከትለው ወደ ቅጥሩ በር ወጡ፤ የገዘቱት እዚያ በር ላይ ቆመው ነበርና የሚፈቱትም እዚያው ነው። መስቀሉን ከፍ አደረጉ። «ልጄን አለነን» አሉ።

ከዚያ በላይ አልሄዱም።

ከበሩ ውጭ፣ ከጉም ውስጥ፣ ስድሳ ያህል ሰው ቆሟል። ማንም ድምፅ አያሰማም። ኃይለ ጊዮርጊስ ወጉን ጠብቆ ሽማግሌዎቹ አፍ እስኪከፍቱ ማንም እንዳያለቅስ ከልክሏል፤ አስለቃሿ ሐረገወይን እንኳ መቀነቷን ታጥቃ ከንፈሯን ነክሳለች። ከፊታቸው አንዲት በቅሎ ቆማለች። ኮርቻዋ ላይ ሰው የለም። በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነች ጊታር ታስራበታለች፤ ጽጌሬዳ የገዛ ጊታሯን አወቀቻት። እሷ ስትወጣ ከግድግዳው አውርደዋት ነው።

ሽማግሌዎቹ ምንም መናገር አላስፈለጋቸውም። የኔታ በቅሎዋን አዩ፣ ጊታሯን አዩ። መስቀሉ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ።

«ታውቂ ኖሯል» አሉ።

ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«የገዘትሁት ሕያው ልጄን ነው። ሕያው ነው ብለሽኝ ልፈታው ወጣሁ። ሬሳ በውሸት ታስፈቺኝ? እግዚአብሔር ፊት ታዋርጂኝ?»

«የኔታ፣ ሬሳውን ያየ የለም» አለች። «ማንም አላየም። ምናልባት...»

ሐረገወይን ግን ከዚያ በላይ አልቻለችም፦

ስድስት ጅማት ጠምዶ አርሶ የከረመው፣
እሸቱን ሳይቀምስ ማን አጋደመው።

ስድሳው ሰው አንድ ላይ አነባ። የጽጌሬዳ ቃል እዚያው ተቀበረ። ልብ ያለችው በኋላ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አልሞተም ስትል የነበረችው እሷ ብቻ ናት፣ በዚያች ሰዓት ግን እሷም አላመነችውም ነበር። የኔታ መስቀላቸውን በልብሳቸው ሸፍነው ወደ ውስጥ ተመለሱ። በሩን የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ያ ዕለት ቅዳሜ ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር። የአለነ ልጆች ወደ ጎንደር ሲመለሱ መንገድ ላይ ጥፍራቸውን ቆረጡ።

ክረምቱ ገብቶ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ዳኛው አንድ ጊዜ አስመራ ደርሶ ተመለሰ። የአለነን ሻንጣ ይዞ ነው የመጣው። ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ አኖረውና የጽጌሬዳን ፊት ሳያይ ተናገረ። ከበሮ መቺውን አግኝቶ ጠይቆታል። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ያስቀመጡት አለነ ሐኪም ቤት ከገባበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ እስኪመለስ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት። የሚቆሙትም እግዜር ማርልን ለማለት ነበር።

ሻንጣው ውስጥ ኮቱና ባርኔጣው አሉ። ከሥር ሐኪም ቤቱ የሰጠው ወረቀት አለ፤ ያስታመመችው ነርስ ጀርባው ላይ በእጇ ጽፋበታለች። በሽተኛው እስከ መጨረሻው ቀን፣ የጎንደር አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት፣ ከአባቱ መልእክት የያዘ ሰው መጥቶ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር ይላል። ጽጌሬዳ ወረቀቱን ገለበጠችው። በፊቱ በኩል በታይፕ የተመታው የሞተበት ቀን ነው፤ ረቡዕ ግንቦት ሃያ ሦስት።