ባለ ሰማያዊው

እንድሪያስ መኪናዋን የገዛት ተፈታትታ በሳጥን ውስጥ ሳለች ነው። ጋርላንድ ከተማ ባለው ጋራዡ ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ገጣጥሞ ሰማያዊ፣ ጣሪያ የሌላት ስፖርት መኪና አደረጋት። ግራንድ ፕሬሪ በተከራየው የዕቃ ማስቀመጫ ስቶሬጅ ሸፍኖ ያስቀምጣታል። በወር አንድ ቅዳሜ ግን፣ መኪናቸውን እንደሱ በእጃቸው የሠሩ ሰዎች ክለብ ፍሪስኮ ከተማ ሲሰበሰብ፣ ኮፍያውንና ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ይዟት ይሄዳል። "ባለ ሰማያዊው መጣ!" ይሉታል። ትከሻውን መታ መታ የሚያደርገው፣ ከሞተሯ ጎን አብሮት ፎቶ የሚነሳው ብዙ ነው። በቀረው ወር ደጁን የሚያንኳኳ ስለሌለ ቅዳሜዋን እንደ ዓውደ ዓመት ይጠብቃታል።

ባለፈው ቅዳሜ ባትሪዋ ሞቶ አልነሳ አለች። ቢለምናት፣ ቢሰድባት፣ ወይ ፍንክች! "ክለቡ የሰው ነው ወይስ የብረት?" አለና በንዴት የሥራ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በሩ ላይ የእንግዳ ፓርኪንግ አሳዩት። ያለ ኮፍያና ያለ መነጽር ለሁለት ሰዓት ያህል መሀላቸው ዞረ። ባለፈው ወር አብሮት ፎቶ የተነሳው ሰውዬ እንኳ፣ "አንተስ አንድ መኪና ለመሥራት አስበሃል?" ብሎ ጠየቀው።

"እያሰብኩ ነው" አለው እንድሪያስ።

ወደ ስቶሬጁ ተመልሶ አዲስ ባትሪ እያሰረላት ሳለ፣ ስልኩ ላይ ከክለቡ መልእክት ገባ፦ "ባለ ሰማያዊው፣ ዛሬ ምነው ቀረህ? ናፍቀኸናል።"