ኪስ የሌላት እናት

ጸሐፊዋ በእንስሳት ሙዚየሙ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የስም ካርድ ስትጽፍ አንድ ጠብታ ቀለም አምልጧት አያውቅም። እጅሽ ማተሚያ ቤት ነው ይሏታል፤ እሷ ግን ማተሚያ ቤት የሷን እጅ ቢያገኝ በታደለ ባይ ናት።

የዛሬው ሥራዋ ልጃቸውን ሆዳቸው ላይ የሚያኖሩት የባለ ኪሶቹ ቁም ሣጥን ነበር፤ ካንጋሮ፣ ኮዋላ፣ ኦፖሰም። የላም ልጅ ጥጃ፣ የፈረስ ልጅ ውርንጭላ፤ የካንጋሮን ልጅ ግን ማን ስም ያውጣለት? አለቃዋ «ግልገል በያቸውና እንገላገል» ብሏት ሁሉንም ግልገል አለቻቸው። ነምባት የምትባለዋን ምስጥ በላ ግን ሆዷን ብታያት ኪስ የላትም። አንስታ ከጉንዳን በሎቹ ጋር ደረደረቻት። አለቃዋ ሲያይ ራሱን ያዘ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መልሻት እንጂ! የሚመድባት ኪሷ ሳይሆን አወላለዷ ነው። ልጇን ባቄላ ሳያክል፣ ገና ጥሬውን ትወልደዋለች፤ የቀረውን ጡቷ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። ኪስ ኖራትም አልኖራትም ወገኗ እነሱ ናቸው።»

እየሳቀች መለሰቻት፤ ሆዷ ግን ባባ። እሷም የስምንት ወር ልጇን ለእናቷ ትታ እንጀራ ፍለጋ ሌላ ከተማ የገባች ናት። ምን ታድርግ፣ ልጇን ማኖሪያ አልነበራትማ! ስትመለስ ልጅቱ አያቷን «እማዬ»፣ እሷን «እትዬ» ብላ አፏን ፈትታ ጠበቀቻት። ማን ደፍሮ ያርማት? አሮጊቷ ካረፉ ይኸው ዓመት ሞላ፤ ያ ቃል ግን ወደ እሷ አልዞረም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ «እማዬ» ብትላት ምን አለበት!

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ የትምህርት ቤቱን ቅጽ ይዛ ከች አለች። ነገ ለትምህርት ሩቅ አገር ሂያጅ ናት።

«እትዬ፣ ባንቺ እጅ ይሞላልኝ። የኔን ጽሑፍ እኔው ራሴ አላነበውም።»

እናትዬው ብዕሯን እስክትሞላ ልጅቱ ካርዶቹን እያነበበች ነምባቷ ጋ ቆመች።

«ኪስ ከሌላት ልጆቿን የት ታደርጋቸዋለች?»

«ፀጉሯን ይዘው ሆዷ ላይ ይንጠለጠላሉ።»

«ሲከብዷትስ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ትታቸው ምግብ ፍለጋ ትሄዳለች።»

«ትመለሳለች ግን?»

«ትመለሳለች» አለች፤ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች።

ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ተሞላ። «አሳዳጊ» የሚለው ላይ ልጅቱ የአያቷን ስም አስጻፈቻት። ቀጥሎ «እናት» ይላል። ብዕሩ ቆመ።

«እዚህስ… የማንን ልጻፍ?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። «ወይ ጉድ! የራስሽን ስም መጻፍ ጠፋሽ እንዴ?»

ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ላይ እንባዋ ቀደማትና ቀለሙ ወረቀቱን አጥለቀለቀው።

«ኧረ እትዬ፣ አበላሸሽው እኮ! ደግነቱ ሁለት ነው የያዝኩት።»

ሁለተኛውን አሳምራ ጻፈችላት። የተበላሸውን ግን አልጣለችውም፤ አጥፋ የጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ልጅቱ አገላብጣ ሳመቻትና «ደህና ሁኚ እትዬ» ብላ ወጣች። እናትዬው «እሺ ልጄ» አለች፤ የጫማዋ ኮቴ ከደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ግን፣ ምናልባት ዞር ብላ ትጠራኝ ይሆናል እያለች በሩን ይዛ ቆመች።