ረግረጉን የናቁት ጎማዎች

በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ የማኪና ድምፅ ሰምቶ ባለቤቱን የማያውቅ አልነበረም። ማኪናው ጥቂት፣ የሰዉ ጆሮ ደግሞ ሥራ ፈት ነበር። የአዲስ ዓለም ሠፈሩ ነጋዴ የዐብዱረሕማን ፒካፕ ጠዋት ጠዋት ሳታስነጥስ አትነሣም፤ ያንን የሰሙ የፒያሳ ባለሱቆች ዛሬ ዐብዱ ትክል ድንጋይ ገበያ ሊሄድ ነው ይባባሉ ነበር።

ዐብዱረሕማን በኋላ ከእሷ የተሻሉ፣ ከእሷ የከበዱ የጭነት ማኪኖች ገዝቷል። ግን ወሬ ወደ ድሮ ሲዞር አንጀቱን የምትበላው ያቺው አረንጓዴ ፒካፕ ናት። እሷን ሲያነሣ ደግሞ አያ ቢያዝንን ሳያነሣ አይቀርም።

ፒካፗ አንድ ጉድለት ነበረባት፤ ሆዷ ለመሬት የቀረበ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። የትክል ድንጋይ መንገድ ላይ ግን ከባድ ማኪኖች ግራና ቀኙን ቦይ አስመስለው፣ መሐሉን ጀርባ አውጥተው ትተውት ስለነበር ክረምት ሲገባ ጉዷ ይፈላል። ትክል ድንጋይ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር አንድ ረግረግ አለ። ዋልካ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ፒካፗ ትገባበትና፣ ጎማዎቿ በከንቱ እየዞሩ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ጭቃው ላይ ቁጭ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቢቆጧት፣ ቢለምኗት፣ ነዳጅ ቢረግጡባት አትነሣም።

ከረግረጉ በላይ ጉብታው ላይ የአያ ቢያዝን ቤት ነበር። አያ ቢያዝን ያኔ ወደ ሽምግልናው ያዘነበለ፣ ረጅም፣ ለነገር የማይቸኩል ገበሬ ነው። ዐብዱረሕማን መጀመሪያ የሰመጠ ዕለት ማንም ሳይጠራው በሬዎቹን ከሞፈር ፈታና ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ወረደ። ፒካፗን ዞሮ ዞሮ አያት። ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋትና ገና ያልተገራች መሆኗን ተናገረ። ከዚያ ቡሬንና ዳልቻን ጠምዶ ጎተታት። ቀኑ ስለመሸ ግን መንገድ እንዲቀጥል አልፈቀደለትም፤ ይዞት ወደ ቤቱ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ይኸው ልማድ ሆነ። ክረምት በመጣ ቁጥር ዐብዱረሕማን ይሰምጣል፤ አያ ቢያዝን ያወጣዋል፤ ሁለቱ ጭቃቸውን እያራገፉ ዳገቱን ይወጣሉ። እንግዲህ እስላምና ክርስቲያን አንዱ የአንዱን ሥጋ አይበላም። አያ ቢያዝን ግን ወዳጁ እቤቱ አድሮ ሽሮ ብቻ በልቶ ይሂድ የሚል ሰው አልነበረም። ዶሮውን ከነነፍሱ ያመጣና ያቀብለዋል፤ ዐብዱረሕማን ቢስሚላህ ብሎ በራሱ ቢላዋ ያርዳል። የአያ ቢያዝን ሚስት እንኳየሁ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛችው፣ ለሌላ ወጥ የማትነካው ድስት ነበራት፤ እሱ የእስላሙ እንግዳ ድስት ነው። በዚያ ትሠራለች። መቅመስ ግን አትችልምና ጨዉን በግምት ትጥለዋለች፤ በግምት ሲሆን ደግሞ እጇ ለጋስ ነው። ዐብዱረሕማን ያንን ወጥ ውኃ በላይ በላዩ እየጠጣ፣ ጣቱን እየላሰ ይበላዋል። ጨው በዝቷል ብሎ ግን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

ዐብዱረሕማን አባቱን በጣሊያን ጊዜ ያጣ፣ ታላቅ ወንድም የሌለው ሰው ነው። ለሚስቱ ለዙሌይካ እንኳ የማይነግራትን የንግድ ስጋቱን ለአያ ቢያዝን ይነግረዋል። አያ ቢያዝን ስለ ንግድ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ብቻ ያዳምጣል፤ አዳምጦ ሲጨርስ ስለ በሬዎቹ ያወራለታል። ዐብዱረሕማን ጠዋት ሲነሣ ስጋቱ ቀሎት ይገኛል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት ታዲያ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን፣ ቡሬ ፒካፗን ሲስብ አዳለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። ሲነሣ ትከሻው ተጎድቶ አነከሰ። አያ ቢያዝን ሳቅ ብሎ ነገሩን አቃለለው። ዐብዱረሕማን ግን ያን ምሽት ወጡ አልወርድለት አለ። አርሶ የሚያድር ሰው በዘር ጊዜ በሬ ቢጎድልበት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጎንደር ሲገባ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ በቀጥታ ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋራዥ ነዳ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ጋራዥ የነበረው፣ ሙያውን ከአንድ እዚሁ ከቀረ ጣሊያን የተማረ መካኒክ ነው። ጓሮው ውስጥ ሣር የበቀለባት የጣሊያን ጦር ካሚዮን ቆማ ነበር፤ ጎማዎቿ የሰው ወገብ ይደርሳሉ። ዐብዱረሕማን እነሱን ለፒካፗ እንዲገጥምለት ጠየቀው። ኃይለ ጊዮርጊስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ይህ ጫማ እንደ መቀየር ቀላል እንዳልሆነ ነገረው። የቡሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም፤ ቢገጥም መሪው ሲዞር ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይፍቃል፤ ማሽከርከሩ ክንድ ይገነጥላል፤ አንደኛ ማርሽ ዳገት ላይ ይለግማል፤ ፍሬን ደግሞ ከድሮው ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። ዐብዱረሕማን ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ መቼ እንደሚጀምር ጠየቀው።

ሥራው ሰነበተ። ኃይለ ጊዮርጊስ የፒካፗን አሮጌ ቸርኬ፣ የጎማዋን ብረት፣ መሐሉን ቆርጦ አወጣና በትልቁ ቸርኬ ውስጥ በየደው፤ ቀዳዳውም በዚህ ገጠመ። ወለቃ ያለ ብረት ሠሪ የፒካፗን አካል በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ የሚደረቡ ወፋፍራም ብረቶችና ረጃጅም ማሰሪያዎች ቀጠቀጠላቸው፤ የፒካፗ ሆድ በእነሱ ከፍ አለ። ፓራፋንጎውን በመሮ ቆርጠው መሪውን ሲያዞሩት አሁንም ፋቀ። እንደገና ቆረጡት። የሠፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ሊያይ ይመጣል፤ አንዱ ትገለበጣለች ይላል፣ ሌላው ቁመቷ ለጀግና ነው ይላል። ፒካፗ አልቃ አዲስ ዓለም ስትገባ ዙሌይካ ከደጅ ቆማ ሽቅብ አየቻትና፣ ልትነዳት ነው ወይስ ልትጋልባት ብላ ባሏን ጠየቀችው። ዐብዱረሕማን ግን ሳቁም ኩራቱም አብረው መጡበት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በሚቀጥለው ገበያ ጨውና ላምባ ጭኖ ሄደ። ረግረጉ አፍ ላይ ሲደርስ ልቡ መታ። ማርሹን ቀነሰና ገባ። ጎማዎቹ ጭቃውን ለሁለት እየከፈሉ፣ እያጉረመረሙ ሄዱ፤ ሆዷን የሚነካት ነገር አልነበረም። ሽቅብ ሲያይ አያ ቢያዝን ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በሬዎቹን እየነዳ ቁልቁል ይመጣል። ዐብዱረሕማን በመስኮት እጁን አውጥቶ እያውለበለበ፣ ጥርሱን እስከ መንጋጋው እያሳየ አለፈ። ቢቆም ሊሰምጥ ይችላል፤ ደግሞስ ለምን ሥራ ያስፈታዋል? ዛሬስ ቡሬ አረፈ አለ በልቡ። በመስተዋቱ ሲያይ አያ ቢያዝን እንደቆመ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው ክረምት በሙሉ እንዲሁ አለፈ። ጠዋት ይሄዳል፣ ገበያውን ጨርሶ ሳይመሽ ይመለሳል፣ እራቱን ከዙሌይካ ጋር ይበላል። አያ ቢያዝንን አልረሳውም። እንዲያውም ዝናቡ ሲያባራ ባለውለታውን ሊያመሰግን አሰበና ጨው፣ ስኳርና አንድ ጣቃ አቡጀዴ በደንብ አሳስሮ፣ ወደዚያው ለሚሄድ ማር ነጋዴ ሰጠው። ለበሬዎቹ ድካም ነው በልልኝ አለው።

ማር ነጋዴው በሌላ ገበያ ቀን ጥቅሉን ተሸክሞ ተመለሰ። ገመዱ እንኳ አልተፈታም። ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠውና ዓይኑን ሰበር አድርጎ መልእክቱን ነገረው፦

"አያ ቢያዝን በሬ አከራይቼ አላውቅም በለው ብለዋል።"

ዐብዱረሕማን ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ዙሌይካ ጥቅሉን አየች፣ ነገሩን ጠየቀች። ከሰማች በኋላ ሳታመናታ ነገረችው። ሰውየው ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቀው እሱ በደጁ ሥር እያለፈ ሄዷል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ከእንግዲህ አንፈላለግም እንደሚል ሰው ሒሳቡን ዘግቶ ላከለት። ዐብዱረሕማንም፣ አያ ቢያዝን እንዳይደክም ብዬ ነው አላት። እሷም፣ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገረው አለችው።

ዐብዱረሕማን በንግድ ብዙ ነገር አጥቶ ያውቃል። ጭነት ወንዝ ወስዶበታል፣ ያመነው ሰው ከድቶታል፣ ሁሉንም ችሎታል። ይህን ግን የሚችለው አልመሰለውም። አያ ቢያዝን ከቀረበት የሚተካው ሰው እንደሌለ ያወቀው ያኔ ነው። በማግስቱ ምንም ሳይጭን ተነሣ።

ረግረጉን አልፎ ከመንገዱ ወጣና ሽቅብ ወደ ጉብታው ታጠፈ። እዚያ ዳገት ላይ ማኪና ወጥቶ አያውቅም። ኃይለ ጊዮርጊስ እንዳለው አንደኛ ማርሽ ለገመ፣ መሪው ክንዱን ገነጠለው፤ ትልልቆቹ ጎማዎች ግን ድንጋዩን እየረገጡ፣ እየተንገጫገጩ አያ ቢያዝን ደጅ ድረስ አደረሱት። ውሻው ከመደንገጡ የተነሣ መጮኹን ረሳ።

እንኳየሁ ወጣች። ስታየው ፊቷ ሊበራ አለና መልሳ ሰበሰበችው።

"እንዴት ከረሙ?" አለችው።

እንዲያ ጨው ስታበላው የኖረች ሴት እንደ ባዕድ አንቱ አለችው። አያ ቢያዝን ከማሳው ሲመጣ ሰላም አለው፣ ግን ግባ አላለውም፤ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዐብዱረሕማን ቆሞ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳ። የቡሬን መውደቅ፣ ያልዋጠውን እራት፣ የጋራዡን ሥራ፣ ክረምቱን ሙሉ በሬዎቹን ያሳረፈላቸው እየመሰለው መደሰቱን ነገረው። አያ ቢያዝን እንደ ልማዱ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"የቡሬ ትከሻ እኮ ወዲያው ዳነ" አለ። "ምነው ዐብዱ፣ ካልሰመጥህ የማትገባ መሆንህን ሳትነግረኝ ኖርህ?"

"እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው፣ አያ ቢያዝን።"

"እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ስመጣ በሱቅህ ደጅ አልፋለሁ። ሥራ ላይ ሆነህ ቆሜ አይሃለሁ። ቤቴ ና ብለኸኝ አታውቅምና ሳልገባ እሄዳለሁ። አልከፋኝም፤ የከተማ ሰው ሥራ ይበዛበታል አልሁ። አንተ ደጄን ታውቀዋለህ፣ እኔ የአንተን አላውቀውም።" ፒካፗን ከጎማዋ እስከ ጣራዋ ቀስ ብሎ አያት። "ሸጋ ሆናለች። ይህን ሁሉ ዓመት ስጎትታት አንድ ቀን ተቀምጬባት አላውቅም።"

ዐብዱረሕማን አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ዓመት የበሬ ውለታ ሲያስጨንቀው ኖሮ፣ ይህ አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም ነበር። ስንት ሌሊት ከሰውየው ምድጃ ዳር አድሮ፣ ስንት ጠዋት ፒካፗ ውስጥ ባዶ ወንበር ይዞ ከፊቱ ተነሥቶ ሄዷል። እንባው መጣ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

"ተነሥ አያ ቢያዝን" አለው። "ዛሬ እኔ ቤት ነው የምታድረው።"

አያ ቢያዝን በሬዎቹን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ገባና ቆየት ብሎ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ዐብዱረሕማን በሩን ከፈተለት። ፒካፗ ግን በእነዚያ ጎማዎች ላይ ሰማይ ጠቀስ ሆናለች። ሽማግሌው እግሩን አነሣ፣ አልደረሰለትም፤ ደግሞ ሞከረ፣ ጋቢው ተጠላለፈበት። ዐብዱረሕማን ከጎማው አጠገብ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከና ሌላውን ጭኑን ደልዳላ አድርጎ እንዲረግጠው ሰጠው። አያ ቢያዝን ሰው አልረግጥም ብሎ ጥቂት አንገራገረ፤ በኋላ ግን አንድ እጁን በሩ ላይ፣ አንድ እጁን የዐብዱረሕማን ራስ ላይ አድርጎ ቆመበት። እግሩ የገበሬ እግር ነውና ከባድ ነበር። ዐብዱረሕማን ግን ቶሎ እንዲነሣለት አልፈለገም።

"ምነው ዐብዱ፣ እኔን ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?" አለች እንኳየሁ ከኋላቸው፣ ነጠላዋን እያጣፋች። ተራዋን ቆማ ትጠብቅ ነበር።